የስሂን ደሞዝ ሲጨመር

ደሴ፣ ኅዳር 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

በሰው አገር ለምትደክሚው ልጄ ለስሂን ይድረስልኝ፤

የደሴው መድኃኔዓለም ከነቤተሰብሽ ከክፉ ይሰውርሽ። ለባለቤትሽ ለሲራክ የአባትነት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ አዶኒያስንና ትንሿን ሰሊናን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እኔ አጎትሽ ደህና ነኝ። ጆሮዬ እየደነቆረ ሄዶ በስልክ መነጋገሩ ቢያቅተኝም እጄና ዓይኔ ገና አልከዱኝም፤ ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት መጣሁብሽ።

አንቺ ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው ጌጤነሽ እናቷን ልታስታምም ከዚያው ከአሜሪካ፣ ከአሌክሳንድሪያ መጥታ እዚሁ ሰንብታለች። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ጎራ ብላ፣ በምትሠሪበት የአረጋውያን መጦሪያ የምሽቱ ተረኞች ኃላፊ ሆነሽ መሾምሽን ነገረችኝ። ደሞዝሽም በሰዓት ከሦስት ዶላር በላይ ተጨምሮልሻል አለች። እናትሽ ሞታ ወደ እኔ ቤት ስትመጪ ገና ስምንት ዓመትሽ ነበር። ያቺ ማታ ማታ ፊደል የማስቆጥራት ልጅ ዛሬ ሰው ታዛለች ሲሉኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገርኩ።

እንግዲህ ሹመት ሸክም ይከተለዋል። ልጄ ሉሊት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። እዚሁ ከተማችን በአንድ የግል ኮሌጅ የነርስ ትምህርት በየካቲት ይጀመራል፤ የዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ አለው ይላሉ። የቤቱ ቆርቆሮም ዝጎ ባለፈው ክረምት ዕቃ ስናሸሽ አደርን። ሁለቱም ወደ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ይጠጋሉ። ድሮ ቢሆን አፌን ሞልቼ አልጠይቅሽም ነበር፤ አሁን ግን እግዜር ከፍ ስላደረገሽ ነው የደፈርኩት። ከገና በፊት ብትልኪልን ምዝገባው አያመልጠንም።

ያሳደገሽ አጎትሽ
ንጉሡ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥር 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አጎቴ ለጋሼ ንጉሡ፤

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ከወር በላይ ሆነ። መልሱን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ሰሊናን ሳል ይዟት ሰንብቶ ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። አዶኒያስ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በአማርኛ አናግሬው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። ሁላችንም ደህና ነን።

ሹመቱ እውነት ነው። ጌጤነሽ አልዋሸችም። ነገር ግን ጋሼ፣ እንደሚወራው አይደለም። ከዚህ ጋር መቶ ዶላር በሰው እጅ ልኬያለሁ፤ ለበዓሉ ባይደርስም ለጾሙ መያዣ ይሁንዎት። ስለ ሉሊት ትምህርት ለጊዜው ይታገሡኝ። የጠየቁት በዝቶብኝ አይደለም። ነገሩን በደንብ ሳስረዳዎት ይሻላል፤ አሁን ግን ምሽት ምሽት ስለምሠራ የምቀመጥበት ሰዓት አላገኘሁም።

ሉሊትን አይዞሽ ይበሉልኝ።

ልጅዎ ስሂን


ደሴ፣ የካቲት 17 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለስሂን፤

ሰላምታዬ ከነልጆችሽና ከነሲራክ ይድረስሽ። መቶው ዶላር ደርሶናል፤ እግዚአብሔር ይተካልሽ።

የየካቲቱ ምዝገባ አለፈ። ሉሊት አኩርፋለች። እኔን ሳይሆን አንቺን ነው የምታኮርፈው፤ “ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም” ትላለች። ተይ አልኳት። ግን ልጄ፣ እኔም ቅሬታዬን ሆዴ ውስጥ ይዤ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆናል።

በአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ግብር ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ነኝ። “ደሞዜን አትጨምሩብኝ፣ ግብሩ ይበላኛል” እያለ የሚመጣ ስንቱን ሰው ቁጭ አድርጌ አስረድቻለሁ መሰለሽ። ግብር በደረጃ ነው የሚቆረጠው። በእኛ አገር የመጀመሪያው መቶ ሃምሳ ብር አይነካም፤ ቀጥሎ ያለው አሥር በመቶ፣ እያለ እያለ ከአምስት ሺህ በላይ ያለው ሠላሳ አምስት በመቶ ይከፍላል። ከፍ ያለው ቁራጭ የሚያርፈው ከደረጃው በላይ በተጨመረችው ብር ላይ ብቻ ነው፤ የታችኛዋን ብር ወርዶ አይነካትም። ስለዚህ ደሞዙ ተጨምሮ የደኸየ ሰው በሥራ ዘመኔ አላየሁም፤ የትም አገር ይኖራል ብዬም አላምንም።

ሁለታችሁ ትሠራላችሁ። ሲራክ ታክሲውን ይነዳል፣ አንቺ ተሹመሻል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዳይሆንብን። መስጠት ካልፈለግሽ አልሰጥም በይኝ፤ አጎትሽ ነኝና እችለዋለሁ። እንደሚወራው አይደለም ማለት ግን ምን ማለት ነው? ግልጹን ጻፊልኝ።

ንጉሡ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መጋቢት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለጋሼ ንጉሡ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት። ደብዳቤዎን አስፐን ሂል በሚባል ሰፈር፣ ከወይዘሮ አሰፋሽ ቤት ደጅ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ወይዘሮ አሰፋሽ ፈቃድ አውጥተው ሕፃናት በቤታቸው የሚያውሉ እናት ናቸው፤ እኔ ሥራ ስሄድ ልጆቼ እሳቸው ጋ ይቆያሉ። አንብቤ ስጨርስ ፊቴን ጠራርጌ ነው የገባሁት። እንዳዘኑብኝ ገብቶኛል። ስለዚህ የማላወራውን ላውራ።

ስለ ግብሩ የጻፉት እዚህም ልክ ነው። የተጨመረልኝ በወር አምስት መቶ ስልሳ ዶላር ነው። ከዚያ ላይ ግብርና የጡረታ መዋጮ ተብሎ የተቆረጠብኝ ዘጠና ብቻ ነው። ይኼን አለቃዬ ስታሳየኝ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የጎዳኝ ግብሩ አይደለም።

ጋሼ፣ እኔ ከዚህ ሹመት በፊት የመንግሥት እርዳታ እቀበል ነበር። ፉድ ስታምፕ ይሉታል፤ በየወሩ ለምግብ መግዣ ብቻ የሚሆን ሁለት መቶ አሥር ዶላር በካርድ ይሰጡኝ ነበር። ደሞዜ ሲጨመር ከወሰኑ አለፍሽ ተብሎ ሙሉ በሙሉ ተቋረጠ፤ በጥቂቱ እንኳን አልተዉልኝም። የልጆች ማዋያውንም ካውንቲው፣ ማለት የአካባቢው አስተዳደር፣ ይደጉመኝ ነበር፤ እኔ በወር ዘጠና ዶላር ብቻ ነበር ለወይዘሮ አሰፋሽ የምሰጠው። አሁን ድርሻሽ ከፍ ብሏል ተብሎ ሦስት መቶ ሃያ ገባ። ይኼ ሁሉ ተደማምሮ ከጭማሪው የተረፈኝ ሠላሳ ዶላር ነው።

እሱም አልቀረልኝም። እዚህ ልጅ እያሳደገ ትንሽ ደሞዝ ለሚያገኝ ሰው መንግሥት በዓመት አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይመልስለታል። ቤዚ የምትባል ልጅ ታክስ ስትሠራልኝ የዘንድሮው በድሮው ደሞዜ ስለሆነ ብዙም እንደማይጎድል ነገረችኝ፤ የሚመጣው ዓመት ግን አንድ ሺህ አራት መቶ ያህል ይቀንሳል አለች። ለወር ሲከፋፈል መቶ ሃያ ነው። እንግዲህ ይደምሩት። ተሹሜ በወር ዘጠና ዶላር ከሰርኩ። በዚያ ላይ ሰው ሲቀር የምጠራው እኔ ነኝ፣ የሽማግሌዎቹ ቤተሰቦች የሚቆጡት እኔን ነው።

አብራኝ የምትሠራ ዮዲ የምትባል ልብስ አጣቢ አለች፤ ከእኔ በጣም ያነሰ ነው የምታገኘው። ለእሷ ሃምሳ ሳንቲም ሲጨምሩላት ከሞላ ጎደል ለኪሷ ነው፤ እርዳታው አይነካባትም፣ ገና ከወሰኑ ሩቅ ናት። በፈቃዱ ደግሞ ዋናው ነርስ ነው፤ የእኔን እጥፍ ያገኛል። ሲጨመርለት ግብሩ ሲሦውን ያህል ወሰደብኝ እያለ ያማርራል፤ ሁለቱ እጅ ግን ለእሱ ነው። መሀል ላይ ያለነው ነን የተጨመረልንን መልሰን የምናስረክበው። በፈቃዱን አንድ ቀን ይኼን ብነግረው ሳቀብኝ። “ደሞዝ ጨምሮ የሚከስር የለም” አለኝ፣ ልክ እንደ እርስዎ።

ለምን እስከ ዛሬ እንዳልጻፍኩልዎት ያውቁታል። የወሎ ሰው ነን። በስልሳ ስድስትና በሰባ ሰባት ለስንዴ የተሰለፈውን ሕዝብ ታሪክ ከእርስዎ አፍ ነው የሰማሁት። አሜሪካ ልካችሁኝ እዚህም ተሰፈረልኝ ብዬ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። እባክዎ ለሉሊት ቢነግሯትም ለጌጤነሽ እንዳይነግሩብኝ፤ ተመልሳ ስትመጣ ቤተ ክርስቲያን የምታገኘው ሰው ሁሉ ይሰማል።

ወደ ድሮው ሥራዬ ልመለስ እያሰብኩ ነው። ሰው ምን ይላል እንጂ ልጆቼ ይሻላቸዋል። ምን ይመስልዎታል?

ልጅዎ ስሂን


ደሴ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ ስሂን፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። አደራሽን ጠብቄያለሁ፤ ለጌጤነሽ አንዳች አልተነፈስኩም።

ስለ ስንዴው ነገር አንድ ቃል ጽፌልሽ ወደ ሌላው ልለፍ። በየወሩ ከደሞዝሽ ግብር ይቆረጥብሽ የለም? ግብር ከከፈልሽበት ጎተራ ሲቸግርሽ መዝገን ልመና አይባልም። ሠላሳ ዓመት የሰበሰብኩት ለዚህ አይነቱ ቀን ነው ብዬ ነበር፤ በእኛ አገር ሳላየው ጡረታ ወጣሁ። አንገትሽን አትድፊ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ የማውቀው የሚቆርጠውን እጅ ብቻ ነበር፤ የሚሰጠው እጅ ሲሰበሰብ ምን እንደሚሆን አስቤው አላውቅም። ፈርጄብሽ ነበርና ይቅር በይኝ።

ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ። በዚያ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ የአንድ ሰው ደሞዝ ብቻ ነው ያለው። ታክሲ የሚነዳ ባል ያላት ሴት ይህን ሁሉ እርዳታ አታገኝም፤ ልጆቿንም በየቀኑ ሰው ቤት አታስመሽም። በየደብዳቤው ለሲራክ ሰላምታ እልካለሁ፣ አንድም ቀን ከእሱ ሰላምታ አልመጣልኝም። ስሂን፣ ሲራክ የት ነው ያለው?

ገንዘብ አትላኪ። የደሞዝ ወረቀትሽን ላኪልኝ፣ የፊተኛውንም የአሁኑንም። ቆርቆሮውን ልጥፍ አድርገንበታል፣ ለዘንድሮ ክረምት ይበቃል።

ንጉሡ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት 16 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለጋሼ ንጉሡ፤

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የላኩልኝ ቃል ከምንም በላይ አቆመኝ።

ሲራክ እኛ ጋ ከሌለ ዓመት አልፎታል። ከባለፈው ዓመት ፋሲካ ማግስት ጀምሮ ስካይላይን የሚባል ሰፈር ከሌሎች ሁለት ሹፌሮች ጋር አፓርታማ ተከራይቶ ይኖራል። ጥሎኝ ሄደ እንዳልል አስወጣሁት፤ አስወጣሁት እንዳልል እሱም ሻንጣውን ለማዘጋጀት አልዘገየም። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ቀን ይተኛል፣ እኔ ቀን ሠርቼ ማታ እተኛለሁ፤ የምንገናኘው ለመጣላት ብቻ ሆኖ ነበር። የደበደበኝ ሰው አይደለም፣ የሰከረም አይደለም። ደክሞን ነው። እንዲህ ብዬ ለሰው ባስረዳ የሚያምነኝ አላገኝም ብዬ ዝም አልኩ።

መጀመሪያ ላይ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጆቹን ይወስዳቸው ነበር። ጫማና ልብስ የሚገዛላቸውም እሱ ነበር። ከታኅሣሥ ወዲህ ቀረ። ለምን እንደቀረ አልጠየቅኩትም። አዶኒያስ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ፤ እኔም አባትህ ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ።

የደሞዝ ወረቀቶቹን አብሬ ልኬያለሁ። ከላይ ያለው ጠቅላላው ነው፣ ከታች ያለው እጄ የሚገባው።

ጊዜ የለኝም ጋሼ። የድሮው የቀን ሥራዬ ላይ የነበረችው ልጅ ሎረል ወደሚባል ሌላ ከተማ ልትዛወር ነው። አለቃዬን ልመለስ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እስከ ሰኔ ሃያ ሦስት ትጠብቀኛለች፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ትቀጥራለች። ከተመለስኩ ግን ይህ ሹመት ሁለተኛ አይመጣልኝም፤ ይህንንም ሳትደብቅ ነግራኛለች። ሰሊና ደግሞ ማታ ማታ ከወይዘሮ አሰፋሽ ቤት ስወስዳት ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ስለሆነ እያለቀሰች ነው የምትወጣው፤ ሳሉም ተመልሶባታል። ሌሊት ሳሏን እያዳመጥኩ ስደምርና ስቀንስ ይነጋል። ደብዳቤዎ ሳይደርስ ቀኑ ቢደርስ የምወስነው ብቻዬን ነው። ይጸልዩልኝ።

ልጅዎ ስሂን


ደሴ፣ ሰኔ 10 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለስሂን፤

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ብልከው ለቀኑ አይደርስም። ጌጤነሽ እናቷ አገግመውላት ቅዳሜ ወደዚያ ትመለሳለች፤ በእሷ እጅ ነው የምልከው።

ወረቀቶችሽን ዘርግቼ ከሉሊት ጋር ሁለት ቀን ተቀመጥን። የእንግሊዝኛውን እሷ ናት ያነበበችልኝ። ስትጨርስ “እኔ ምን አልኳት?” ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ማኩረፉ አብቅቷል።

እንዲህ ነው ያገኘሁት። ግብሩ ከላይ ጥቂት ይቆነጥርሻል፤ ቁንጥጫው እንደ ደሞዙ ልክ ነው፤ አይገድልም። የምግቡ እርዳታ አንዴ ሄዷል። ዓመታዊው ተመላሽ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ገፍቶ ገደል የሚጥልሽ የልጆቹ ማዋያ ነው። ሦስት መቶ ሃያው ባይኖር ኖሮ፣ ሌላው ሁሉ ጎድሎብሽም ከድሮው በወር ሁለት መቶ ሠላሳ ዶላር ከፍ ትያለሽ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው።

ሁለተኛም አስቢበት። እርዳታ በልጆች ዕድሜ ያልቃል። ሰሊና ትምህርት ቤት ስትገባ የማዋያው ድጎማ ቢኖርም አያስፈልግሽም፤ ልጆቹ ሲያድጉ ተመላሹም ይቆማል። ያን ጊዜ በእጅሽ የሚቀረው ደሞዝሽ ብቻ ነው። ዛሬ ብትወርጂ የዛሬን ታተርፊያለሽ፤ ያን ቀን ግን ከታች ሆነሽ ነው የሚያገኝሽ። እኔ ብሆን አልመለስም። ግን ሌሊት የምታስል ልጅ የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ብትመለሺም አልፈርድብሽም።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ሳላስፈቅድሽ ለሲራክ ጽፌለታለሁ። የእሱንም ደብዳቤ ጌጤነሽ ይዛለች፤ የታሸገ ነው፣ ምን እንዳለበት አታውቅም። ታረቁ አላልኩትም። ያ የእናንተ ነው፤ ሽምግልና ሲጠሩኝ ነው የምመጣው። ለሁለት ልጆች አባት የሚጻፈውን ብቻ ጻፍኩለት፤ እናታቸው ስትሾም ቤቱ ምን እንደጎደለበት በቁጥር አስቀምጬ፣ ምሽቱን ልጆቹን ይዞ መቀመጥ ይችል እንደሆነ ጠየቅኩት። አንቺ ራስሽ እንዳትጠይቂው ኩራትሽ እንደያዘሽ ስለገባኝ፣ ሽማግሌ ሰው ቢጠይቀው አያፍርም ብዬ ነው። ከተቆጣሽ በእኔ ላይ ይሁን።

ሉሊት የመንግሥት መምህራን ኮሌጅ ደርሷታል፣ ክፍያ የለውም። ትገባለች። ነርስነቱን ትወደው ነበር፤ አልሸሽግሽም። ስለዚህ ነገር ገንዘብ ብትልኪ እመልሰዋለሁ።

አጎትሽ ንጉሡ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለጋሼ ንጉሡ፤

በዚህ ክረምት ቤትዎን ከጎርፍ፣ ራስዎን ከብርድ ይጠብቅልኝ። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልንገርዎት፤ ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ ነው የተጀመረው።

ቅዳሜ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹን ቁርስ እያበላሁ በር ተንኳኳ። ሲራክ ነበር። ያልተላጨ፣ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ። አዶኒያስ ሮጦ ሄዶ አቀፈው። እኔ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። ልጆቹን ወደ ቴሌቪዥኑ አሰናብቼ ምን ፈልገህ ነው አልኩት። ከኪሱ ለአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የእርስዎን ጽሑፍ ከሩቅ አወቅኩት። የማየው ነገር አልገባኝም፤ ጌጤነሽ መመለሷንም አልሰማሁም ነበር።

“ከደሴ ድረስ ተከሰስኩ” አለኝ።

እኔ ያልከሰስኩት መሆኔን፣ እርስዎ ምን እንደጻፉለትም እንደማላውቅ ነገርኩት። ወረቀቱን እንዳነብ ገፋልኝ። አንብቤ ስጨርስ ተናደድኩ፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ በእርስዎም ተናደድኩ። የምግብ እርዳታውን ሳይቀር አስፍረውት ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ እንዳይደርስበት ስሸሽገው የኖርኩትን ነገር በአንድ ገጽ ላይ ቁጭ አድርገው ላኩለት።

ሲራክ ይኼ ቁጥር እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከመሳቢያ የደሞዜን ወረቀትና የካውንቲውን ደብዳቤ አምጥቼ ሰጠሁት። እንደ እርስዎ ዘርግቶ አነበበ፤ ደጋግሞ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ከዚያ ጭንቅላቱን ያዘ። ነገሩን ቀስ እያለ ነገረኝ። ባለፈው ታኅሣሥ አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚያቆሙበት ቦታ ላይ አንዱ ሹፌር፣ ሚስትህ ተሾመች፣ ካንተ በላይ ሆነች ብሎት ነበር። ሰዎቹም ሳቁበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የቀረው።

“የእኔ ጫማ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ነው” አለኝ። “የሚያስፈልጋችሁ አልመሰለኝም።”

ጋሼ፣ የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ መጣብኝ። እርስዎ ተሾመች ብለው ጎረቤት ሰበሰቡ፤ ካውንቲው ተሾመች ብሎ ድጎማውን አነሳ፤ የልጆቼ አባት ተሾመች ብሎ ቀረ። ሁሉም ሰው ስለዚያ ሦስት ዶላር ሰምቷል፤ እጄ ላይ ያላየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ስነግረው እሱም ፈገግ አለና ወዲያው አቀረቀረ።

ስለ እኔና ስለ እሱ አላወራንም። ያወራነው ስለ ሰዓት ነው። ሌሊት መንዳቱን ትቶ ከንጋት እስከ ቀትር ይሠራል፤ አየር ማረፊያ የሚሄድ ሰው ጠዋትም አይጠፋም። ከሰዓት በኋላ መጥቶ ልጆቹን ይረከበኛል፣ እኔ ስመለስ ይሄዳል። ገቢው ትንሽ ይቀንስበታል፤ ይህንንም በግልጽ ነገረኝ። ለስንት ጊዜ ብዬ ጠየቅኩት። ሰሊና ትምህርት ቤት እስክትገባ አለ፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና አስቦ፣ ለአሁን ለክረምቱ እንሞክረው አለኝ። የመጀመሪያውን ቢያጸና በወደድኩ። ሁለተኛው ግን እውነተኛ መሰለኝ።

በማግስቱ እሁድ ጌጤነሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፈልጋ አገኘችኝና የእኔን ደብዳቤ ሰጠችኝ። ስካይላይን ለእሷ ቤት ቅርብ ስለሆነ የሲራክን ቀድማ አድርሳለች። ምንም አልጠየቀችኝም፤ እጄን ብቻ ጨብጣ ቆየች። ምናልባት ታውቃለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። “ብትመለሺም አልፈርድብሽም” የሚለው ላይ ስደርስ ንዴቴ በረደ።

ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነበር። ሌሊቱን አልተኛሁም። ቢቀርስ? ሁለት ቀን መጥቶ በሦስተኛው ቢተኛበትስ? የወይዘሮ አሰፋሽን ቦታ ከለቀቅኩ ተመልሼ አላገኘውም፤ ተራ የሚጠብቁ እናቶች አሉ። የቀኑ ሥራዬም በዚያው ቀን ያመልጠኛል። ወይዘሮ አሰፋሽ ጋ ደውዬ የሰሊናን ቦታ ለሁለት ሳምንት እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው። “እናት እንዲህ ስትል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ወር ድረስ ይዤልሻለሁ” አሉኝ። ከዚያ አለቃዬ ቢሮ ሄጄ በቦታዬ እንደምቆይ ነገርኳት።  እሷ ግን ቀና ሳትል “ጥሩ” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለእኔ እንደዚያ የከበደው ነገር ለእሷ አንድ ቃል ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሰሊና አባቷን እንደ እንግዳ አየችው፤ እግሬን ይዛ አልለቅም አለች። አዶኒያስ በእንግሊዝኛ እዚህ ነው የምታድረው ብሎ ጠየቀው። ሲራክ በአማርኛ፣ “አይደለም፤ እናትህ እስክትመጣ ነው” አለው። ልጁ ትንሽ አሰበና እሺ ብሎ ወደ ጨዋታው ሄደ። እኔ ነኝ እሺ ለማለት የቸገረኝ። ከሥራ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። በሦስተኛው፣ “ስሂን፣ እኔ እኮ አባታቸው ነኝ” አለኝና ከዚያ ወዲያ አልደወልኩም።

ሰሊና አሁን በራሷ አልጋ ተኝታ ታድራለች፤ ማንም ከእንቅልፏ አይቀሰቅሳትም። ሳሉ ገና አልለቀቃትም፤ በሚመጣው ሳምንት ሐኪም ቀጠሮ አለን። መንግሥት የሚከፍለው የልጆቹ ሕክምና አልተነካብኝም። ዓመት ሞልቶ እንደገና ከጨመሩልኝ ግን እሱም ወሰን አለው ይላሉ። ስለዚህ ጭማሪ ሲባል ዛሬም እደነግጣለሁ። ሰው ደስ የሚለውን ነገር ሲነግሩኝ መጀመሪያ የማስበው ምን ይወስዱብኛል የሚለውን ነው። ይኼ ፍርሃት መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም።

ለሉሊት ተስፋ አልሰጣትም፤ ሰጥቼ ካጠፍኩ ያስከፋታል። እህቴ ናት፣ እንደማስባት ብቻ ይንገሩልኝ። መምህርነቱን ትጀምረው። ከእጄ ሲተርፍ ለእርስዎ ሳልነግር ለእሷ እልካለሁ፤ እርስዎ ከሚመልሱት።

ሲራክ መምጣት ከጀመረ ሁለተኛው ሳምንት ትላንት አለቀ። ቅዳሜ ስለነበር ሥራ ነበረኝ፤ ሲራክ ደግሞ ጓደኛው ሠርግ ነበረበት። ጠዋት ሲደውል ሊቀር ነው አልኩ። ሊነግረኝ የፈለገው ሱፍ ለብሶ እንደሚመጣ ነበር፤ ሠርጉ ላይ ጠዋት ታይቶ ለምሳ ሳይቀመጥ ይመጣል። የሚመጣበት ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ የወይዘሮ አሰፋሽን ቁጥር አውጥቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ስምንት ተኩል ሊሆን ሲል ታክሲው ታጥፎ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ሲራክ ከነከረባቱ ወረደ።

ወደ ሥራ ሄድኩ።

ልጅዎ ስሂን